ድንጋይ ስለተሸከመው እንግሊዛዊ ጀልበኛ

ግንቦት 14 ቀን 2002 ዓ.ም.
መተማ ዮሐንስ

ለቆላ ወረዳዎች የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ፈተና አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክቡር አቶ አምባው

ጉዳዩ፦ ዘጠኝ ተማሪዎች አንድ ድንጋይ ከየት እንዳገኙ ማስረዳትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎን፣ የልጆችዎንና የመላው ጽሕፈት ቤትዎን ጤንነት አጥብቄ እጠይቃለሁ። እኛ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነን፤ የግንቦት ፀሐይ ቆርቆሮውን ከረፋዱ ጀምራ ታስጮኸዋለች። ስለ እርስዎ ጤና ግን እምብዛም አልሰጋሁም፤ ሸሕዲ ድረስ በሚኒባስ ተሳፍሬ ቢሮዎን በጠየቅሁባቸው ሦስት ቀናት ሁሉ ማራገቢያው ወንበርዎን ሲያቀዘቅዝ አይቻለሁና። ሰው ባይቀመጥበትም ወንበሩ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል።

ይህን ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ፣ በመናኸሪያው የማስታወቂያ ሰሌዳና በሱቄ በር ላይ ለመለጠፍ የተገደድሁት እርስዎን ለማሳጣት አስቤ አይደለም። ከዚህ በፊት ሦስት የታሸጉ ደብዳቤዎችን በጨዋ ወግ ልኬ ነበር። ከመዝገብ ቤትዎ እንደተነገረኝ የመጀመሪያው አልደረሰም፣ ሁለተኛው ደርሶ የት እንደገባ አልታወቀም፣ ሦስተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር ስለሚመሳሰል ከመጀመሪያው ጋር ተያይዟል። ካልደረሰ ደብዳቤ ጋር ደብዳቤ ማያያዝ የሚችል መሥሪያ ቤት በሌላ አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ስለዚህም ሳላደንቅ አላልፍም።

ስሜ ኸሊፋ ነው። በመተማ ዮሐንስ፣ ወደ ሱዳኗ ጋላባት በሚወስደው መንገድ ዳር የትራክተር መለዋወጫ እሸጣለሁ። ጠርጣራ ሰው ነኝ፤ ይህን ባለቤቴም፣ ደንበኞቼም፣ የኬላው ፈታሾችም ይመሰክራሉ። ኩሽኔታ ሲመጣልኝ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አላምንም፤ አውጥቼ በጣቴ አሽከርክሬ በጆሮዬ ካላዳመጥሁት አልቀበልም። አባቶች «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉትን እንደ ንግድ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ባልሰቅለውም አንድ ቀን ረስቼው አላውቅም። ይህን የምነግርዎ ጽሕፈት ቤትዎ ልጆቻችንን ስለጠረጠረ ብቻ እንዳልተቀየምሁ እንዲያውቁልኝ ነው። መጠርጠር ሙያ ነው፤ እኔን ያሳዘነኝ ሙያው በማያውቁት ሰዎች እጅ ሲበላሽ ማየቴ ነው።

ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ይህን ሲያነብ ግራ እንዳይገባው ባጭሩ ላስረዳ። በጎንደር ያለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ከእኛ ቆላ ተማሪ የሚቀበለው በእርስዎ ፈተና ነው። ተማሪው አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ በዓመቱ መጀመሪያ ይሰጠዋል፤ ያንን ሲያጠና ከርሞ በየካቲት መጽሐፉን ሳይገልጥ ሒሳዊ ድርሰት ይጽፋል። ከሃያው አሥራ ሦስትና ከዚያ በላይ ያገኘ ይገባል። ልጄ ሩፊዳ ከተፈታኞቹ አንዷ ናት። ስታነብ ያደገችው ከቺንጋና ከፊልትሮ ካርቶን ላይ ነው፤ ሱቄ ውስጥ ሌላ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ያ አዳሪ ትምህርት ቤት ለእርሷ ምን እንደሆነ ልነግርዎ አልችልም፤ ስሙ ሲነሳ የያዘችውን ሁሉ ታስቀምጣለች። ዛሬ ያ ዕድሏ በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ደብዳቤዬም ስለ እርሱ ነው።

ለምስጋናም ለአቤቱታም እንዲመች በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

አንደኛ፦ ስለ መጽሐፉ።

ባለፈው መስከረም ለዘጠኝ ተፈታኞቻችን መጽሐፍ ስለላኩልን ከልብ እናመሰግናለን። በሸኚው ደብዳቤ ላይ «ዘጠኝ» ተብሎ በአኃዝም በፊደልም ተጽፏል፤ በካርቶኑ ውስጥ የነበረው አንድ ነው። የወላጅ ኮሚቴ አባል ስለሆንሁ ካርቶኑ ሲከፈት ቆሜ ነበር። መጀመሪያ ሾፌሩን ጠረጠርሁ፤ ቀጥሎ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጠረጠርሁ፤ በመጨረሻ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ የሚሰረቅበት ምክንያት በመተማም በጋላባትም እንደሌለ ሳስበው ሁለቱንም በነጻ አሰናበትሁ። አሁን ያለኝ ግምት ስምንቱ መጻሕፍት ከሸኚው ደብዳቤ በቀር የትም ኖረው አያውቁም የሚል ነው።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያቸው መምህርት ዓለምፀሐይ ግን አላማረሩም። ምላጭ አስመጥተው የመጽሐፉን ስፌት ፈቱና ወረቀቱን ለዘጠኙ አከፋፈሉት። ሌላ ዘዴ አልነበረም፤ በጥቅምት የቆላ ተማሪ ክፍል ውስጥ አይገኝማ። ሰሊጥ ሳምንት ከዘገየ ፍሬው ረግፎ መሬት ይቀራል፤ ስለዚህ ልጁ ሁሉ በየአባቱ እርሻ ላይ ነው። እያንዳንዱ የደረሰውን ወረቀት ይዞ ወደ አጨዳው ይሄዳል፣ በምሳ ሰዓት ያጠናዋል፣ ቅዳሜ ለገበያ ሲወጣ ከትምህርት ቤቱ ሮቃ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያነበበውን ለስምንቱ ይተርካል። ከዚያ ወረቀቱን ይለዋወጣሉ። ለዘጠኝ ልጆች አንድ መጽሐፍ እንደ ዕቁብ በየተራ ደረሳቸው።

ሁለተኛ፦ ስለ ጠፋው ወረቀትና ስለ ላኩልን መልስ።

እዚህ ላይ እኔ ወደ ነገሩ እንዴት እንደገባሁ መናዘዝ አለብኝ። በኅዳር መጀመሪያ አንድ ቀን በፊልትሮ ካርቶን ጀርባ ላይ የሩፊዳን ጽሕፈት አገኘሁ። «ሰውየው ከወንዙ ማዶ ሲጮህ አሻጋሪው ሰምቷል ወይስ አልሰማም? ምስክሩ ማን ነው? ሴትዮዋ ለምን ዝም አለች?» ይላል። በእኛ ከተማ ወንዝ፣ አሻጋሪና የሚጮህ ሰው በአንድ ካርቶን ላይ ከተገኙ አባት እህል አይወርድለትም። ልጄ የድንበር ደላሎችን ወንጀል አይታለች፣ ወይም ከእነርሱ አንዱ ሊያሻግራት እያግባባት ነው አልሁ። ጎረቤቴን አቶ አዛናውን ጠራሁ፤ የሰሊጥ ገበሬ ናቸው፣ በዕድሜም በማስተዋልም ይበልጡኛል። ቅዳሜ ከትምህርት ቤቱ የውኃ ሮቶ ጀርባ ሁለታችን ተደብቀን ጆሯችንን ጣልን።

ልጆቹ ስለ አንድ ቶማስ ስለሚባል ሰው አምርረው ይከራከራሉ። አንዱ «ገዳይ ነው» ይላል፣ ሌላው «ማዕበል ነበር፤ ቢሄድ ሁለቱም ይሞቱ ነበር» ይላል። አቶ አዛናው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይኸ ቶማስ እሚሉት ደላላ የማን ወገን ነው?» አሉኝ። ለፖሊስ እናመልክት ስንል መምህርት ዓለምፀሐይ ከኋላችን መጥተው ቆመዋል። ሁለት ሽማግሌዎች ከሮቶ ጀርባ ተንበርክከው ሲገኙ የሚሰማቸውን እፍረት ለእርስዎም አልመኝም።

ቶማስ የመጽሐፉ ሰው ኖሯል። በእንግሊዝ አገር በአንድ መንደር ወንዝ የሚያሻግር ጀልበኛ ነው። አንድ ማዕበል ያለበት ምሽት ከማዶ ሰው ይጣራል፤ ቶማስ ከቤቱ አይወጣም፤ ተጣሪው በዋና ሊሻገር ሲል ወንዙ ይወስደዋል። የሟቹ ሚስት ማርታ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከመሻገሪያው ዳር እየመጣች ትቀመጣለች፤ አንድ ቃል አትናገርም። ቶማስ ድምፁን አልሰማሁም ይላል። መጽሐፉ ሰማ ብሎም አልሰማም ብሎም አይነግርዎትም፤ ገጽ በገጽ እየቆጠበ ያንጠባጥብልዎታል እንጅ።

መምህርቷ ሒሳዊ ድርሰት ምን እንደሆነ ሲያስተምሩ ልጆቹ ለብዙ ቀናት አልገባቸውም ነበር አሉን። በመጨረሻ የገባቸው «ሽምግልና ቁጭ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ክስ አለ፣ ምስክር አለ፣ የተከሳሽ መልስ አለ፣ ፍርድ አለ። ድርሰቱም ይኸው ነው፤ ምስክሩ መጽሐፉ ብቻ ነው» ባሏቸው ቀን ነው። እኔ ይህን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ መደበቅ አልችልም። ለካ ሐያሲ ማለት በብዕር የሚጠረጥር ሰው ነው፤ ለካ የእኔ ሙያ በትምህርት ቤት ይሰጣል! ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሐያሲ ሲጠረጥር የገጹን ቁጥር መጥራት አለበት። ከዚያ ወዲህ አቶ አዛናውና እኔ ቅዳሜ ከሮቃው ሥር ቀርተን አናውቅም፤ ቶማስ ማዕበሉ ሳይጀምር ጀልባውን ለምን ሁለት ጊዜ እንዳሰረ መጀመሪያ የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

መምህርቷን ጨምሮ ማንም ገና ያላነበበው የመጨረሻው ወረቀት የደረሰው ውባንተ ለሚባል ልጅ ነበር። ትጉህ ልጅ ነው፤ ጥፋቱ መጠንቀቁ ነው። ላብ እንዳያበላሸው፣ እንዳይታጠፍም ብሎ ሳያነበው በደረቅ ሰሊጥ ጆንያ ውስጥ ከላይ አስቀመጠው። አባቱ ይህን ሳያውቁ ጆንያውን ሰፍተው ከሌሎቹ ጋር አስጫኑት። ሰሊጣችን ባሕር ተሻግሮ እንደሚሄድ ይነገረናል፤ የታሪኩ መጨረሻም ምናልባት አብሮ ወደ ባሕር ማዶ ተልኮ ይሆናል።

መምህርቷ ያን አንድ ወረቀት ኮፒ አድርጋችሁ ላኩልን ብለው ጻፉላችሁ። በስድስት ሳምንት ውስጥ የሰጣችሁን ፈጣን መልስ ኮፒ አሁንም ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ። እንዲህ ይላል፦ «የተላከ መጽሐፍን በአግባቡ መያዝ የተቀባዩ ኃላፊነት ነው። ቀሪዎቹን ስምንት ቅጂዎች እንድትጠቀሙ እናሳስባለን።» ክቡር ሆይ፣ በዚህች አጭር መልስ ስንት ቀን እንደሳቅን ቢያውቁ ደመወዝዎ ሐላል መሆኑን ያምኑ ነበር።

ሦስተኛ፦ ስለ ሥልጠናው።

ፈተናው አራት ሳምንት ሲቀረው መምህርት ዓለምፀሐይን ለሥልጠና ስለጠሩልን እናመሰግናለን። የሥልጠናው ርእስ «የመጻሕፍት አያያዝና አጠቃቀም» እንደነበር ሲመለሱ ነግረውናል። በዚያ ቅዳሜ ልጆቹ ያለ አስተማሪ ተሰበሰቡ፤ ፈርተዋል። መጨረሻውን ብንጠየቅስ ይላሉ። በእኛ አገር ምስክር ጠፋ ተብሎ ጉዳይ አይቆምም፤ ሽማግሌ በተገኘው ቃል ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የሚያውቁትን መንገድ ሄዱ፤ መጥተው አቶ አዛናውንና እኔን «ቁጭ በሉልን» አሉን። ለበዳይም ለተበዳይም ጠበቃ ያስፈልጋልና፣ ስለ ማርታ የምትናገር ሴት ስንፈልግ ወይዘሮ አየሁሽን ጠራናት።

ወይዘሮ አየሁሽ ከመናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት አላት። ባሏን ከስድስት ዓመት በፊት ጓንግ ወንዝ ሲሞላ ወስዶባታል። ከማዶ ሰዎች ነበሩ፤ ጩኸቱን ሰማሁ ያለ ግን እስከ ዛሬ የለም። እኔ ይህን እያወቅሁ ለምን እርሷን እንደጠራሁ አላውቅም፤ አስቤበት አልነበረም፣ እግዜር ይይልኝ። ልጆቹ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምረው ተረኩላት። እርሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማች።

አቶ አዛናው የቶማስን ወገን ይዘው «እኔስ ይኸ ሰውየ ክፉ አይመስለኝም፤ ፈሪ ነው። ለፈሪ ካሳ ይበቃዋል» አሉ። ወይዘሮ አየሁሽ ያን ጊዜ ነጠላዋን አወረደች። «ካሳ ምን ያረግልኛል?» አለች። «ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ደጀ ድረስ ይምጣ። መጥቶም ይቅር በይኝ አይበለኝ። ባልሽ ሲጮህ ሰምቸዋለሁ ይበለኝ። ሌላ አልሻም።» ማርታ ማለቷን ትታ ስለ ራሷ እየተናገረች እንደነበር ሁላችንም ገብቶናል፤ ማንም ግን አላረማትም። ተነስታ ሄደች።

ከዚያ ፈረድን። ቶማስ በድንጋይ ጎብጦ ማርታ ደጅ ይሄዳል፣ ሰምቼው ነበር ብሎ ያምናል፣ እርሷም ድንጋዩን በእጇ ታወርድለታለች አልን። ዘጠኙም በደብተራቸው ጻፉት። ሩፊዳ ብቻ ቀና ብላ «አባየ፣ ይኸ የኛ ፍርድ ነው እንጅ የመጽሐፉ አይደለም፤ አይዶል?» አለችኝ። እኔም ልቤ ስለተነካ መከራከር አልፈለግሁም፤ «ኸላስ፣ አለቀ፤ ፍርድ ፍርድ ነው» ብዬ ዝም አሰኘኋት። በሕይወቴ መጠርጠር ሲገባኝ ያልጠረጠርሁበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው። ጥፋት ካለ እዚያ ላይ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

አራተኛ፦ ስለ ውጤቱ።

ውጤቱ በሚያዝያ ሲለጠፍ ዘጠኙም አልፈው ነበር። የታረሙት ወረቀቶችም ለአንድ ቀን እንድናያቸው ስለተላኩልን ለዚህኛው ያለ ምንም ቅኔ አመሰግናለሁ። ስምንቱ ልጆች እንግሊዛዊው ቶማስ ድንጋይ ተሸክሞ ሄደ ብለው እንደ መጽሐፉ ቃል አድርገው ጽፈዋል፤ በሃያ ዓመት የንግድ ሕይወቴ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የጠየቀ እንግሊዛዊ ሰምቼ አላውቅም፤ አራሚዎ ግን ሰምተው ኖሯል። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ሰጡ። ለውባንተ አሥራ ስምንት ሰጥተው ዳር ላይ በቀይ «በመጨረሻው ምዕራፍ ያለውን የድንጋዩን ተምሳሌት በጥልቀት ማንበብህ ያስመሰግናል» ብለው ጽፈውለታል። ልጁ መጨረሻውን የዋጠው ጆንያው እንደሆነ፣ እርሱም እንዳላነበበው ያውቃልና፣ ለአንድ ሳምንት የሰው ዓይን ማየት አፍሮ ነበር።

ሩፊዳ ግን ሌላ ነገር ጻፈች። ሦስተኛው አንቀጿ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህ ነው፦ «የእኛ ቅጂ የመጨረሻ ወረቀት የለውም፤ ስለዚህ ታሪኩ እንዴት እንደሚያልቅ አላውቅም። የከተማችን ሽማግሌዎች ጉዳዩን ሰምተው ቶማስ ድንጋይ ተሸክሞ መሄድ አለበት ብለው ፈርደዋል። ይህ የእነርሱ ፍርድ ነው። እኔ የምስማማው ቶማስ ጀልባውን ሁለት ጊዜ ማሰሩን ስላነበብሁ ነው።» አራሚዎ ይህን አንቀጽ ከዳር እስከ ዳር በቀይ መስመር ሰርዘው «ከርእስ የወጣ ነው፤ መጨረሻውን አንብቢ» ብለውታል። አሥራ አራት ሰጧት። ከዘጠኙ ትንሹን ነጥብ ያገኘችው ያላነበበችውን አላነበብሁም ያለችው ናት፤ ይህም ለወጣቶቻችን ትልቅ ትምህርት ይሆናል።

አምስተኛ፦ ስለ ስረዛውና ስለ ቅጹ።

በግንቦት 2 ቀን የተጻፈው የስረዛ ደብዳቤ ዘጠኙ ተማሪዎች «በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ አንድ ዓይነት መጨረሻ በመጻፋቸው በፈተና አዳራሽ መኮራረጃቸው ተረጋግጧል» ይላል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ደስታ ነው። በሚያዝያ ተምሳሌቱ የተመሰገነው ድንጋይ በግንቦት በመጽሐፉ ውስጥ የለም ከተባለ፣ በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ሰው መጽሐፉን አንብቧል ማለት ነው። እንኳን ደስ አላችሁ እላለሁ። ጅብ ካለፈ ቢሆንም ውሻው መጮሁ በራሱ መልካም ነው።

ጉዳዩን እንዲያጣሩ የላኳቸው ሁለት ባለሙያዎችም ጨዋዎች ናቸው። ሲያጣሩ የፈተና ወረቀቶቹን አልገለጡም፤ ጊዜ ለመቆጠብ ይመስለኛል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቅጽ ሰጡ፦ «መኮረጄን አምናለሁ፤ መልሱን የሰጠኝ ............. ነው» የሚል። እስከ ግንቦት 25 የፈረመ በሐምሌ እንደገና ይፈተናል፤ ያልፈረመ ስሙ ይሰረዛል፣ ቦታው ለተጠባባቂ ይተላለፋል። ባዶው ቦታ ማንን እንደሚፈልግ ግልጽ አልነበረም፤ ይሁን እንጅ አንደኛው ባለሙያ ሲያስረዱ የእስክሪብቶአቸው ጫፍ ደጋግሞ በመምህራን ዝርዝር ላይ በመምህርት ዓለምፀሐይ ስም ላይ ያርፍ ነበር። እስክሪብቶ ነውና አልከሰውም።

ስምንቱ ፈረሙ። አልወቅሳቸውም፤ ወላጆቻቸውን አውቃለሁ፣ እኔም ከእነርሱ አልሻልም። ሩፊዳ አልፈርምም አለች።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ስላቁን ትቼ የማፍርበትን ልንገርዎ። ሦስት ቀን ሙሉ ፈርሚ ብዬ ጨቀጨቅኋት። ወረቀት ነው፣ እነርሱ የሚሹት ወረቀት ነው፣ ፈርመሽ ሂጅና ተማሪ፣ ነገ ማን ያስታውሰዋል አልኋት። እናቷን ላክሁባት፤ አቶ አዛናውን ላክሁባት። አቶ አዛናው ገብተው ብዙ ሳይቆዩ ወጡና «እኔ ይችን ልጅ ፈርሚ አልላትም፤ አንተም ተው» ብለውኝ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ከካርቶኖቹ መካከል ተቀምጣ ሳለ ቀና ብላ አየችኝ። «አባየ፣ አንቱ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አላምንም ይሉ የለም ወይ?» አለችኝ። «እኔ ላይ ውሸት ጽፈው ቢልኩኝ ማን ከፍቶ ሊያየኝ ነው?» በዚያ ሱቅ ውስጥ ለስንት ዓመት የብረት ድምፅ ሳዳምጥ ኖሬ የልጄን ድምፅ ያዳመጥሁት ያን ቀን ነው። ወጥቼ መንገዱ ዳር ቆምሁ፤ አለቀስሁም። የጭነት መኪና ሾፌሮች እያዩኝ አለፉ።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ምሕረት አይደለም። ምሕረት ለበደለ ነው። የምጠይቅዎ ከሙሉ አክብሮት ጋር ይህ ነው፦ ከሣጥንዎ ውስጥ ሰባተኛውን፣ የሩፊዳን የፈተና ወረቀት ያውጡ፤ ሁለተኛውን ገጽ ይግለጡ፤ በቀይ የተሰረዘውን ሦስተኛ አንቀጽ ያንብቡ። ድንጋዩ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሰጠው፣ ለምን ዘጠኙም እንደጻፉት በልጄ እጅ በየካቲት ተጽፎ እዚያው ተቀምጧል። ባለሙያዎችዎ ሁለት ቀን ያጣሩት ነገር ከአራት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። ኮርጃለች የምትሉት ልጅ ከየት እንዳገኘችው ራሷ ነግራችኋለች፤ ስትነግራችሁ ደግሞ ነጥብ ቀንሳችሁባታል።

ቅጹ የግድ በስም መሞላት ካለበት ከዚህ ጋር አንዱን ሞልቼ ልኬያለሁ። «መልሱን የሰጠኝ» የሚለውን ሰርዤ «መልሱን የሰጠሁት» ብዬዋለሁ፤ ከሥሩ ኸሊፋ ብዬ ፈርሜያለሁ፣ አቶ አዛናውም አውራ ጣታቸውን አትመዋል። ወይዘሮ አየሁሽን ስምሽን እንጨምር ወይ ብለን ብንጠይቃት «እኔ ለፈተና ብየ አልተናገርሁም» ብላናለች፤ እርሷን ተውናት። ከእኔ ጋር የፈለጉትን ያድርጉ፤ በየትኛውም የእንግሊዝኛ ፈተና ለዘለዓለም እንዳልቀመጥ ቢያግዱኝም ቅጣቱን በጸጋ እቀበላለሁ።

ማራገቢያዎ እንዳይቋረጥበት፣ መዝገብ ቤትዎ የማያያዝ ጥበቡ እንዳይጠፋበት፣ አራሚዎም ከመጽሐፍ በፊት የሚመጣውን ማስተዋል ይዘው ለብዙ ዘመን እንዲያገለግሉን እየተመኘሁ፣ እስከ ግንቦት 25 ያሉትን ቀናት በጣቴ እየቈጠርሁ፣ ደጅዎን ለመጥናት የማልታክት፣

ታዛዥዎ
ኸሊፋ
የሩፊዳ አባት

ግልባጭ፦
— ለትምህርት ቤቱ ወላጅ ኮሚቴ (የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ቢባልም፣ እንዲያውቁት ያህል)
— ለስምንቱ ቅጂዎች፣ ባሉበት
— ለማይመለከተው ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ስድስተኛ ቁጥር ነበረው። ከሁሉም ረጅሙ፣ እውነቱን ለመናገር ስጽፈውም ከሁሉም የጣመኝ እርሱ ነበር። ውጤቷ የተሰረዘባት የሩፊዳ ቦታ ለማን ታስቦ እንደሆነ፣ ያ ሰውም ከጽሕፈት ቤትዎ የማን ዘመድ እንደሆነ በስም ዘርዝሬበት ነበር። ከመለጠፌ በፊት እንድታርመው ለሩፊዳ ሰጠኋት። በዚያ ቁጥር ዳር «ማን አየ? ማስረጃው የት አለ?» ብላ ጽፋ መለሰችልኝ። አላየሁም፤ ማስረጃም የለኝም፤ መጠርጠር ብቻ ነው የጠረጠርሁት። ስለዚህ እርሷ እያየችኝ ቀድጄ ጣልሁት። የስረዛ ደብዳቤዎን አራት ኃላፊዎች አይተው እንደፈረሙበት ማኅተሞቹን ቈጥሬያለሁ፤ ከአራቱ ይህን ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም። ስምዎን በአደባባይ ካልተረጋገጠ ነገር ያተረፈችልዎ በኩረጃ የከሰሷት ልጅ ናት።